ፊሊፕ ፒኔልና የአእምሮ ሕሙማን ሰንሰለት

በዛሬው እሑድ የሕይወት ታሪኩን የምናቀርበው ሰው የጦር መሪም ንጉሥም አይደለም። የአእምሮ ሕሙማን የሚታሰሩበት ሰንሰለት መድኃኒት አለመሆኑን በሥራውና በመጽሐፉ ለዓለም ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ነው። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቢሆነውም ዕድሜውን የፈጀበት ጥያቄ በአገራችን ገና አላረጀም። በገጠሩ ኢትዮጵያ ዛሬም ቢሆን ከቤት ምሰሶ ወይም ከጓሮ ዛፍ ጋር በሰንሰለት ወይም በገመድ ታስረው የሚውሉና የሚያድሩ ሕሙማን አሉ። ያሰሯቸውም ጠላቶቻቸው አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የወለዷቸው እናትና አባት፣ ወይም አብረዋቸው ያደጉ ወንድሞች ናቸው።

ይህን ታሪክ የምንጽፈው በተለይ በአርባ ምንጭ ለሚማሩ ተማሪዎችና በጋሞ ዞን በየወረዳው ሥራ ለጀመሩ ወጣት ሹማምንት ነው። ከካምባ ወይም ከቦንኬ ገጠር አንድ አባት የታመመ ልጁን ምን እንደሚያደርገው ቢጨንቀው፣ በመጀመሪያ ደጁን የሚጠናው የአእምሮ ሐኪም አይደለም፤ የቀበሌው ሹም፣ መምህሩ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው። ያ ወጣት ሹም ሰንሰለቱን ፍታ ብሎ ማዘዙ ብቻ ይበቃ እንደ ሆነ፣ ወይም ሌላ የሚጠበቅበት ነገር እንዳለ፣ የፒኔል ሕይወት ከብዙ መመሪያ የተሻለ ያስረዳዋል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ስለ አውሮፓ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን፣ ስለ አገራችን የምንጠቅሳቸውም እንደ እኛው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እናሳስባለን።

ፒኔል የተወለደው በኤፕሪል 20 ቀን 1745 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በታርን አገር ነው። አባቱ በዚያ ዘመን እንደ ነበረው ልማድ ጸጉር ማስተካከልንና ቁስል ማከምን ባንድነት የያዘ የገጠር ሐኪም ነበር። ልጁ ግን በመጀመሪያ የታጨው ለክህነት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማረ በኋላ አሳቡን ለውጦ በቱሉዝ ከተማ ሕክምና ገባና በ1773 የሐኪምነት ማዕርግ አገኘ። ይህም አልበቃው ብሎ በሕክምና ትምህርት ስሟ ወደ ተጠራው ወደ ሞንፔልዬ ሄደና አራት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በሆስፒታሉ እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን በማስታወሻ የመያዝን ልማድ ያዳበረው በዚያ ነው፤ ይህ ልማድ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተለየውም።

በ1778 ወደ ፓሪስ ሲገባ ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። ገንዘብ አልነበረውም፤ ዘመድም አልነበረውም። ከዚህ የከፋው ግን የፓሪስ ሐኪሞች ማኅበር ከቱሉዝ የመጣን ዲፕሎማ አልቀበልም ማለቱ ነው። ለድኻ ተማሪዎች የሚሰጥ ሽልማት ለማግኘት ሁለት ጊዜ ተወዳደረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። በባሕርዩ ዓይን አፋር፣ በሰው ፊት ሲናገርም የሚንተባተብ ስለ ነበረ ፈታኞቹን ደስ የሚያሰኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሒሳብ እያስተማረ፣ የሕክምና መጻሕፍትን ከእንግሊዝኛ እየተረጐመና አንድ የጤና ጋዜጣ እያዘጋጀ ለ15 ዓመት ያህል ከእጅ ወደ አፍ ኖረ። በፈተና የወደቀ ተማሪ ይህን የፒኔልን ዘመን ቢያነብ የሚጽናና ይመስለናል።

ወደ አእምሮ ሕክምና እንዲያዘነብል ያደረገው አንድ ኀዘን ነው። ከገጠር የመጣ አንድ ወጣት ጓደኛው በትምህርት ብዛትና በብስጭት የተነሣ በመጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያም እንቅልፍና ምግብ እምቢ አለ፤ በመጨረሻም አእምሮው ታወከ። የታወቀው የፓሪስ ሆስፒታል ተቀበለው፤ ነገር ግን የተደረገለት ነገር አልጠቀመውም። ወደ ወላጆቹ ከተመለሰ በኋላ አንድ ሌሊት አምልጦ ወደ ጫካ ገባ፤ በዚያም ሞቶ ተገኘ። ፒኔል ይህን ሞት ሲያስበው ኖረ። ጓደኛውን የገደለው በሽታው ብቻ ሳይሆን፣ በሽታውን የሚያውቅና የሚከታተል ሰው መጥፋቱ መሆኑ ገብቶት ነበር። ከ1786 ጀምሮም ቤሎም የተባለ ሰው ሀብታም ሕሙማንን እየተቀበለ በሚያስታምምበት የግል ቤት አምስት ዓመት ያህል እየተመላለሰ ሕሙማኑን ተመለከተ፤ አነጋገረ፤ ጻፈ።

በዚህ መካከል የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በጃንዋሪ 21 ቀን 1793 አንገታቸው ሲቀላ ፒኔል የብሔራዊ ዘብ አባል ሆኖ ጦር መሣሪያ ይዞ በሥፍራው ቆሞ ነበር፤ ልቡም እጅግ ማዘኑን ለወንድሙ ጽፏል። አብዮቱ ግን የቀድሞዎቹን ማኅበራት አፍርሶ ስለ ነበር ለእርሱ በሩ ተከፈተለት። ወዳጆቹ ሥልጣን ላይ ወጥተው ስለ ነበረ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የቢሴትር ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ቢሴትር ከፓሪስ በስተ ደቡብ ወጣ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ሆስፒታል ይባል እንጂ ወኅኒም፣ የድኾች መጠለያም፣ የሽማግሌዎች መጦሪያም ነበር። በግቢው ውስጥ አራት ሺህ ያህል ወንዶች ይኖሩ ነበር፤ ወንጀለኛው ከአካለ ስንኩሉ፣ የአባለ ዘር በሽተኛው ከሽማግሌው ጋር ተቀላቅሏል። ከእነዚህም 200 ያህሉ የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ። ከፊሎቹ በጠባብና ርጥብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ጋር በብረት ታስረው ዓመታት አሳልፈዋል። በዚያ ዘመን በነበረው አሳብ እንዲህ ያለው ሰው ብርድና ረኀብ አይሰማውም ይባል ነበር። አእምሮው ስለ ታወከ ሰውነቱም ከሰው ተራ የወጣ ይመስላቸው ነበር ማለት ነው። ሐኪም ቢመጣም ደም ያስፈስሰዋል፣ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያጠጣዋል፣ ከዚያም ይሄዳል።

አሁን ወደ ታሪኩ ፍሬ ነገር ደርሰናል። ፒኔል ወደ ቢሴትር ሲገባ በሕሙማኑ ክፍል ላይ የተሾመ ዣን ባፕቲስት ፑሳን የሚባል ሰው አገኘ። ይህ ሰው በዕድሜ እኩያው ሲሆን በ1745 ዓመት የተወለደ የቆዳ ፋቂ ነው። የሕክምና ትምህርት ደጃፍ አልረገጠም። ወደ ቢሴትር የመጣውም በሠራተኛነት ሳይሆን በበሽተኛነት ነው፤ አንገቱ ላይ በወጣበት እባጭ ታምሞ ገባና ሲሻለው በዚያው ቀረ። ቀስ በቀስም በሥራው እየታመነ ሄደና በ1780ዎቹ አጋማሽ የአእምሮ ሕሙማኑ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሚስቱ ማርግሪት ዡብሊንም አብራው ትሠራ ነበር።

ፑሳን የሠራው ነገር ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። በሽተኛን መምታት ከለከለ፤ የመታውንም ሠራተኛ አባረረ። በተባረሩት ፋንታ ከበሽታቸው ያገገሙትን ሰዎች በአስታማሚነት ቀጠረ፤ እነዚህ ሰዎች የታሰረ ሰው ምን እንደሚሰማው በራሳቸው ላይ ስላዩት ለመምታት እጃቸው አይነሣም። የእያንዳንዱን በሽተኛ ጠባይ፣ የሚቆጣበትንና የሚረጋጋበትን ሰዓት ያውቅ ነበር። ሚስቱም ከእርሱ የምታንስ አልነበረችም። ምግብ አልበላም ብሎ ለሞት የደረሰን አንድ በሽተኛ በፊቱ እየቀለደችና እየሳቀች እንዳበላችው ፒኔል በመጽሐፉ መስክሮላታል።

ፒኔል ታላቅ ሰው ነው የምንለው እዚህ ላይ ነው። የሁለት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያለው፣ በመንግሥት የተሾመ ሐኪም፣ ከቆዳ ፋቂው እግር ሥር ተቀምጦ መማርን አላፈረበትም። ሰዎች ማዕርግ ሲያገኙ የመጀመሪያ ሥራቸው ከእነርሱ በታች ያለውን አዋቂ ዝም ማሰኘት ነው፤ ይህንንም በየመሥሪያ ቤቱ እናየዋለን። ፒኔል ግን ፑሳን የሚያውቀውን እየጠየቀ ጻፈ፤ በኋላም መጽሐፉን ሲያሳትም የማን ዕውቀት እንደ ሆነ በግልጽ ተናገረ።

በተረታችን ዕብድና ሰካራም የልቡን ይናገራል ይባላል። ይህን እያልን ግን የሚናገረውን ቁጭ ብሎ የሚሰማው የለም። የፒኔል ሕክምና የተጀመረው ከዚህ ነው። ከሕሙማኑ ጋር በየቀኑ እየተቀመጠ ያወጋ ነበር፤ በሽታው መቼ እንደ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ደረሰበት፣ ማን እንደ ሞተበት፣ ምን እንዳጣ ይጠይቅ ነበር። የምግባቸውንም ነገር ችላ አላለም፤ በአብዮቱ ዘመን በነበረው ችግር የዳቦው መጠን ሲቀነስ የሚሞቱት ሕሙማን ቍጥር ከፍ ማለቱን ተመልክቶ ጽፏል። የተራበን ሰው በምክር ማዳን እንደማይቻል ለማወቅ ፍልስፍና አያስፈልገውም ነበር።

ከጻፋቸው ታሪኮች አንዱ የአንድ ልብስ ሰፊ ታሪክ ነው። ጋሞ በተለይም ዶርዜ የሸማኔ አገር ስለ ሆነ ይህን ታሪክ ሳናነሣ ማለፍ አልወደድንም። ያ ልብስ ሰፊ በአብዮቱ ዘመን ስለ ንጉሡ ሞት አንዲት ቃል ተናግሮ ነበርና ሊገድሉኝ ነው የሚል ፍርሀት አደረበት። እንቅልፍና ምግብ ተወ፤ ሥራውንም ጥሎ ቢሴትር ገባ። ፒኔል ከሁኔታው አይቶ ጥቂት ክፍያ እየተሰጠው የሌሎቹን ሕሙማን ልብስ እንዲጠግን አደረገ። ሰውየው መርፌውን ከያዘ በኋላ ፊቱ በራ፤ ይበላና ይተኛም ጀመር። የቀድሞ ሙያው ከሰው ጋር አገናኘው።

ነገር ግን ከወራት በኋላ ያው ፍርሀት ተመለሰበት። በዚህ ጊዜ ፒኔል አንድ ዘዴ አሰበ፤ ወጣት ሐኪሞችን ጥቁር ልብስ አልብሶ በዳኛ አምሳል አስቀመጠና ልብስ ሰፊው በፊታቸው ቀርቦ ከተጠየቀ በኋላ ከወንጀል ነጻ ነህ ተብሎ ተፈረደለት። ወዲያው ተሻለው። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ አንድ ሰው ፍርዱ ጨዋታ እንደ ነበረ ነገረውና በሽታው ከቀድሞው ይልቅ ጠና። መርፌውና ክሩ የጠቀሙትን ያህል ውሸቱ አልጠቀመውም። ፒኔል ይህን ውድቀት ሳይደብቅ መጻፉ ያስመሰግነዋል፤ ሕመምተኛን አታሎ ወደ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ጠበል ለሚወስድ ዘመድም ታሪኩ የሚነግረው ነገር አለ።

የሰንሰለቱ ነገር እንዴት ሆነ? በብዙ መጻሕፍት የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፤ ፒኔል በአብዮቱ ባለ ሥልጣን ፊት ደፍሮ ቆመና በአንድ ቀን የሕሙማኑን ሰንሰለት በእጁ ፈታ፤ እነርሱም ከጨለማ ወጥተው ፀሐይ እያዩ አለቀሱ። ሠዓሊዎችም ይህን በትላልቅ ሥዕሎች ሥለውታል። ከእነዚህም የቶኒ ሮበር ፍለሪ የ1876 ሥዕል እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይታተማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፒኔል በ1795 ቢሴትርን ለቆ የሴቶች ሆስፒታል ወደ ሆነው ወደ ሳልፔትሪየር ሲዛወር ሰንሰለቱ በቢሴትር ገና ነበር። ሰንሰለቱን ያስወለቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1797፣ በቦታው የቀረው ፑሳን ነው። ፒኔልም ፑሳን ወደ እርሱ እንዲዛወርለት ባለ ሥልጣኖችን ለምኖ በ1802 አገኘው፤ ሁለቱም ባንድነት በሳልፔትሪየር ሥራውን ቀጠሉ። አፈ ታሪኩን ያስፋፉት ከፒኔል ሞት በኋላ ልጁና ደቀ መዝሙሩ ናቸው።

ይህን የምንናገረው የፒኔልን ክብር ለመቀነስ አይደለም። በአንድ ቀን ተፈታ የሚለው ታሪክ ሥራውን ከቁም ነገሩ ስለሚያርቅብን ነው። ፑሳን ሰንሰለቱን ከማውጣቱ በፊት አሥር ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በላይ ከሕሙማኑ ጋር ኖሯል፤ አስታማሚዎቹን መርጧል፤ መምታት እንዲቀር አድርጓል። ብረቱ በተፈታ ጊዜ በሽተኛው ወደ ባዶ ሜዳ አልተለቀቀም፤ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ነበረ። በዚያም ላይ ሰንሰለቱ ቢወገድ ማሰር ጨርሶ አልቀረም። በጣም የሚታወክ በሽተኛ እጅጌው ረጅም በሆነና ወደ ኋላ በሚታሰር የሸራ ልብስ ለጊዜው ይያዝ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1961 ሚሼል ፉኮ የተባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ፒኔልን በብርቱ ነቅፎታል፤ የብረቱን ሰንሰለት አውጥቶ የዓይንና የግሣጼ ሰንሰለት አገባ ለማለት ነው። ነቀፋው መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ከግድግዳ ጋር ታስሮ አሥር ዓመት የኖረ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከፈላስፋው ይልቅ ሳያውቀው አይቀርም።

በሳልፔትሪየር ፒኔል የሕክምና ትምህርት መምህርም ነበር። በ1798 የበሽታዎችን ዓይነት የሚለይ መጽሐፍ፣ በ1801 ገደማም ስለ አእምሮ መታወክ የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተረጐመ። ከዚህም በላይ በቀድሞ የሒሳብ መምህርነቱ በመጠቀም ከ1802 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ሆስፒታሉ የገቡትን ከ1000 በላይ ሴቶች እየመዘገበ ስንቱ እንደ ተሻላቸውና ስንቱ እንዳገረሸባቸው በሠንጠረዥ አቀረበ። አይድኑም ተብለው ከተጣሉት ውስጥ ብዙዎቹ እንደሚድኑ በቍጥር ማስረዳት በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር።

እስቲ አሁን ከፓሪስ ወደ ጋሞ ደጋ እንመለስ። በጋሞ ሕዝብ ዘንድ ጎሜ የሚባል ጥንታዊ አሳብ አለ። አንድ ሰው የአባቶችን ሥርዓት ሲጥስ በራሱ፣ በቤተሰቡ ወይም በአዝመራው ላይ መከራ ይመጣል፤ በሽታም ከዚሁ ይቈጠራል። መፍትሔውም ጥፋቱ ምን እንደ ነበረ በሽማግሌዎች ፊት መርምሮ መናዘዝና መታረቅ ነው። ከተሜው ተማሪ ይህን ሰምቶ ለመሳቅ አይቸኩል። ሽማግሌው የታመመውን ሰው ምን ደረሰብህ፣ ከማን ተጣላህ ብሎ ሲጠይቅ፣ ፒኔል በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ከጠየቀው ብዙ የራቀ አይደለም፤ ከተጣሉት ጋር ታርቆ ወደ ማኅበሩ መመለስም ለታወከ ልብ ትልቅ ዕረፍት ነው። የሚያሳዝነው ጎሜው ሲፈለግ ወሩ ዓመት ሲሆን፣ በሽታው እየበረታ ሲሄድና ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ገመድ ሲያነሣ ነው። ዕርቁና መድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ምክንያት አይታየንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቍጣ የወጡትን ወጣቶች በአርባ ምንጭ ከተማ እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ ሽማግሌዎች፣ ለአንድ ታሳሪ ቢለምኑ የማይሰማቸው ቤተሰብ ይኖራል ብለን አንገምትም።

ነገር ግን ሽማግሌው ለምኖ ያስፈታው ሰው ወዴት ይሂድ? በኢጣልያ ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከአርባ ምንጭ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከካምባ ለሚነሣ ሰው ደግሞ አርባ ምንጭ ራሷ ሩቅ ናት። የታወከን ሰው ይዞ ያን ያህል መንገድ መጓዝ፣ የአዳርና የምግብ ወጪ መቻል፣ ከዚያም በየወሩ ለመድኃኒት መመላለስ ለአንድ ገበሬ ወይም ሸማኔ የሚሆን ነገር አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመርና ነርሶቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሲመደቡ ነው መንገዱ ማጠር የጀመረው። የአእምሮ ሐኪሞችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአርባ ምንጭም ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ይታከማሉ።

ለፒኔልና ለፑሳን ያልነበራቸው ነገር ዛሬ በእጃችን አለ፤ እርሱም መድኃኒት ነው። ክሎርፕሮማዚን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን በሰፊው መሰጠት የጀመረው በ1952 በዚያው በፓሪስ ከተማ ነበር። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያስቸግረው በሽተኛም ሞዲኬት በሚል ስም የሚታወቀውና አንድ ጊዜ ከተወጋ ለሳምንታት የሚቆየው ፍሉፌናዚን አለ። ውድ መድኃኒት አይደለም፤ በጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ሊወጋው ይችላል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ (ከወላይታ ሶዶ ጋር እንዳይምታታ) የተደረጉ ጥናቶች፣ ቤተሰቦች ሕሙማንን የሚያስሩት በጭካኔ ሳይሆን ሕክምና በማጣትና በፍርሀት መሆኑን፣ ሕክምናው በቅርባቸው ባለው ጤና ጣቢያ ሲሰጥ ደግሞ ማሰሩ እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል። ፑሳን በቢሴትር ካደረገው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንድ ስፍራ አስገራሚ ነገር ይዟል። ከ2000 ሰው ያነሰ ነዋሪ ባለበት ቦታ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉት ሰው ዕብደቱ በግልጽ እንደ ታወቀ ይቈጠራል። የሕጉ ዓላማ እንዲህ ያለው ሰው የገባው ውል እንዳይጐዳው ነው፤ ንብረቱን ይጠብቅለታል። የታገደውን ሰው ማን ያክመው የሚለውን ግን አልመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ከጭካኔና ከኢሰብዓዊ አያያዝ ይከላከልለታል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት ተቀብላለች። ስለዚህ ወጣቱ ሹም በወረዳው የበጀት ስብሰባ ላይ የአእምሮ መድኃኒት የሚገዛበትን ገንዘብ ቢጠይቅ ምጽዋት እየለመነ አይደለም። ተደጋግሞ እንደሚታየው መድኃኒቱ ለሁለት ወር ከጤና ጣቢያው ከጠፋ፣ ተፈቶ እርሻ የጀመረው ልጅ ወደ ምሰሶው ሊመለስ ይችላል።

በፈረንሳይም ከሰንሰለቱ እስከ ሕጉ መንገዱ ረጅም ነበር። ፑሳን በ1811 ሞተ። ፒኔል የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ የክብር ሌጌዎን ኒሻንም ተሸለመ፤ ነገር ግን በ1822 መንግሥት በአሳባቸው ያልወደዳቸውን የሕክምና መምህራን ሲያባርር በ77 ዓመት ዕድሜው ከማስተማር ሥራው ተወገደ። ከሳልፔትሪየር ግን አልወጣም፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1826 በ81 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከሆስፒታሉ አልተለየም። የአእምሮ ሕሙማን በየአውራጃው የሚታከሙበት ቦታ እንዲኖር የሚያዘው የፈረንሳይ ሕግ የወጣው በ1838፣ በደቀ መዝሙሩ በኤስኪሮል ድካም ጭምር ነው። ቢሴትር ሰንሰለቱ ከወለቀበት ዓመት 41 ዓመት አልፎ ነበር። ሕጉም ለሹማምንት ሰውን ወደ ሆስፒታል አስገብቶ የማቆየት ሥልጣን ስለ ሰጠ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

በ1885 በሳልፔትሪየር በር ፊት ለፊት የፒኔል ሐውልት ቆመ። ሐውልቱ የተሰበረ ሰንሰለት ይዟል፤ ሆስፒታሉም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው።